የወደቀው በሬ ጋላቢና እኔ የደበቅኩት ሕመም

ከዚህ በታች ስለ ሰገራ እንደማወራ አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ። የሚቀፈው ካለ እዚህ ላይ ሊተወው ይችላል፣ አልቀየምም። እኔም ቀፎኝ አላወራም እያልኩ ነው ለዚህ የበቃሁት።

ስሜ ብርሃኑ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት፣ ሥራዬ ሹፌርነት። ኮሌጅ ፓርክ ካሉት የኤርፖርት ሆቴሎች በአንዱ ቫን እነዳለሁ። እንግዳ አመጣለሁ፣ እንግዳ እመልሳለሁ፣ ሻንጣ እጭናለሁ፣ ሻንጣ አወርዳለሁ። አትላንታ ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አሞኝ ከሥራ ቀርቼ እንደማላውቅ በየደረስኩበት አፌን ሞልቼ አወራ ነበር። ሰው አመመኝ ሲለኝ "ተነስተህ ሥራ፣ ይለቅሃል" እለው ነበር። አሁን ሳስበው እንደዚያ ዓይነት ሰው ቫኔ ላይ ቢሳፈር ቶሎ እንዲወርድልኝ ነው የምጸልየው።

ነገሩ የጀመረኝ በዐቢይ ጾም ነው። አንድ ጠዋት ከሽንት ቤት ስነሳ ደም አየሁ። ኪንታሮት ነው አልኩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምውል ሹፌር ነኝ፣ ኪንታሮት የማያውቀው ሹፌር የት አለ ብዬ ራሴው ሐኪም ሆኜ ለራሴ ነገርኩት። ለባለቤቴ ለሙሉ "ሆዴን ይነፋኛል" ብቻ አልኳት። ተልባ በጠበጠችልኝ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ጠጣሁ። ደሙ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ይመለሳል። ሲጠፋ ተልባውን አመሰግናለሁ፣ ሲመለስ በጾሙ አሳብባለሁ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ በሥጋው አሳበብኩ።

ሙሉ ዲኬተር ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት የነርስ ረዳት ናት። የሰው ሰገራ አይታ "ይሄ ሰውዬ ደህና አይደለም፣ ሐኪም ይየው" የምትል፣ ነርሶቹ ሳይቀሩ የሚሰሟት ሴት ናት። የገዛ ባሏን ግን አላየችም፣ ምክንያቱም እኔ ሽንት ቤቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃ እየለቀቅኩበት፣ ጠርዙን በሶፍት እየጠረግኩ ነበር የምወጣው። በቤታችን ታሪክ ሽንት ቤት ያጠብኩት ያኔ ብቻ ነው። እሷም "ጸባይህ ተለወጠ" ብላ ደስ አላት።

በሐምሌ ሆዴን መቁረጥ ሲጀምረኝ ክሊኒክ ሄድኩ። የኔ እንግሊዝኛ ከመንገደኛ ጋር ለመሳሳቅ ይበቃል፣ ለሐኪም ግን አይሆንም። ነርሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ለቀቀችው፣ አማርኛ አስተርጓሚ ገባች። "ጤና ይስጥልኝ፣ የዛሬው አስተርጓሚዎ ነኝ። እዚህ የሚነገረው ሁሉ በምስጢር የተጠበቀ ነው" አለች። ድምጿን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። የጽዋ ማኅበራችን ጸሐፊ የወይዘሮ አስናቀች ድምፅ ነው! በየወሩ ከአጠገቤ ቁጭ ብላ ዳቦ የምትቆርስልኝ ሴት!

"ሐኪሙ ምን ያስቸግርዎታል ነው የሚሉት" አለች።

"ጨጓራ" አልኩ።

"በሰገራዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?"

"በጭራሽ።"

"ክብደት ቀንሰዋል? የሰገራዎ መልክ ወይም ቅርፅ ተለውጧል?"

"ኧረ ምንም የለም። ጨጓራ ነው። የኛ ሰው ሁሉ ያለበት ነው።"

ሐኪሙ ምን ያድርግ? የጨጓራ መድኃኒት ጻፈልኝ። በመስከረም ተመልሼ ሄድኩ፣ ያን ቀን የገባው አስተርጓሚ ወንድ ነበር፣ እሱም ድምፁ አንድ የማውቀውን ዲያቆን መሰለኝና ያንኑ ጨጓራዬን አወራሁ። የጨጓራ ባክቴሪያ ተመረመርኩ፣ አልተገኘብኝም፣ መድኃኒቱ ተቀየረልኝ። በኋላ ለሰው ሁሉ "ሐኪሞቹ ሳቱኝ" እያልኩ ያወራሁበት ጊዜ ነበር፣ እዚህ ላይ ይታረምልኝ። እነሱ የጠየቁኝ ሁሉ ልክ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከወራት በኋላ ወይዘሮ አስናቀችን ዙሪያ ጥምጥም ስለ ማስተርጎም ሥራዋ ብጠይቃት "እኔ? እኔ ኤርፖርት ውስጥ መነጽር ነው የምሸጠው፣ ማስተርጎም ከየት ተማርኩት ብለህ ነው?" ብላ ሳቀች። ስልኩ ላይ የነበረችው ሴት የት አገር እንዳለች እንኳ አላውቅም።

በኅዳር መጀመሪያ ሆቴሉ በር ላይ ሁለት ከባድ ሻንጣ ሳወርድ ዓይኔ ጨለመብኝና እንግዶቹ እግር ሥር ወደቅኩ። ያነሳኝ ካልቪን ነው። ካልቪን የሆቴሉ የጥገና ሠራተኛ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ከጆርጂያ ደቡብ ከገጠር የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። አምቡላንስ ጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ሆስፒታል ውስጥ ደሜ አልቋል አሉኝ። ወጣቷ ሐኪም ለአስተርጓሚ ልትደውል ስትል "ኖ ኢንተርፕሪተር" አልኳትና ወደ ኋላዬ እየጠቆምኩ "ብለድ፣ ሎንግ ታይም" አልኳት። ስምንት ወር ሙሉ ያልወጣው ቃል እንዲህ ቀላል ነበር። በማግስቱ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በመቀመጫዬ በኩል አስገብተው አንጀቴን አዩት። ከትልቁ አንጀት መጨረሻ አካባቢ ካንሰር ተገኘ።

በታኅሣሥ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። የታመመውን ቆርጠው ጤነኛውን ከጤነኛው አገናኙት። የተሰፋው እስኪድን ድረስ ሰገራ እንዳያልፍበት ብለው ትንሹን አንጀት በሆዴ ቀኝ በኩል ወደ ውጭ አወጡት። እዚያ ላይ ከረጢት ይለጠፋል፣ ሰገራው ወደዚያ ይወርዳል። ጊዜያዊ ነው፣ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ስጨርስ ይመለሳል አሉኝ። ነቅቼ ወደ ሆዴ ሳይ ቀይ ጽጌረዳ እንቡጥ የመሰለ ሥጋ በላስቲኩ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሙሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ስትቀይርልኝ አንድም ቀን ዓይኔን ከግድግዳው አላነሳሁም። እሷ ግን ሥራ ቦታ የምታደርገውን እንደምታደርግ፣ ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ጎረቤት ውሻ እያወራች ጨርሳ ትሄዳለች። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም።

ለሰው ምን እንበል ተባባልን። እኛ ዘንድ የዚህን በሽታ ስም ማንም አይጠራውም፣ "ያ በሽታ" ነው የሚባለው፣ እሱም ድምፅ ተቀንሶ። "የአንጀት መታጠፍ" አልን። ሙሉ ደስ ባይላትም አብራኝ ዋሸች። ዶራቪል የምትኖረው ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ሾርባ ይዛ እየተመላለሰች "እንኳን በሰላም ወጣህ ጋሼ፣ አንጀት መታጠፍ እኮ ቀላል አይደለም" ትለኝ ነበር። እኔም በብርድ ልብሱ ሆዴን ሸፍኜ "ተመስገን" እላለሁ።

የገና ሰሞን ለክትትል ሄድኩ። ሙሉ መኪናውን ፓርክ እያደረገች ነበር። ቀዶ ጥገና ያደረገልኝ ሐኪም "እህት ወንድም አለህ?" አለኝ።

"አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።"

"ይህ በሽታ በቤተሰብ ሊኖር ይችላል" አለኝ፣ በደንብ እንዲገባኝ ቃል በቃል እየለየ። "እህትህ ምንም ባያማትም ሳትዘገይ በቱቦው ትታይ። ቀድሞ ከተገኘ እዚያው ይቆረጣል፣ ካንሰርም አይሆንም። ዛሬውኑ ንገራት።"

"እነግራታለሁ" አልኩ። ወረቀት ሰጠኝ፣ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሙሉ ስትገባ "ቁስሉ ደህና ነው አለኝ" አልኳት።

አልነገርኳትም። ለጥሩወርቅ ልንገር ማለት የአንጀት መታጠፍ ውሸት ነው ማለት ነው፣ ያ በሽታ ነው ማለት ነው፣ የት ቦታ እንደሆነም መናገር ነው። ከሆዴ ላይ ስለሚንጠለጠለው ነገርም ትጠይቀኛለች። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደግኳት፣ ፊቴ እግሯን አነባብራ ቁጭ የማትል እህቴ ናት። ኬሞውን ልጨርስና እነግራታለሁ አልኩ። ከረጢቱ ይነሳና፣ ሰው ልምሰልና እነግራታለሁ አልኩ። እሷ ምኗንም አያማት፣ ጠንካራ ናት፣ እቃ መደብር ውስጥ ካርቶን ተሸክማ የምትውል ሴት ናት አልኩ። ይህን ሁሉ ስል ወረቀቱ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ኬሞው በየሁለት ሳምንቱ ነው። እጄ ብርድ እንደነካው ይነዝረኛል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጉሮሮዬ ላይ እንደ መርፌ ይወጋል። የመጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንዲት ስፓኒሽ የምትናገር አሮጊት ሁልጊዜ ለሽንት ቤት የቀረበውን ወንበር ትለቅልኝ ነበር። አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ከዚያ ውጭ ከቤት አልወጣም። ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ከረጢቱ እኮ ሲያሻው ድምፅ ያሰማል፣ ቅዳሴ መሐል ሁሉ ጸጥ ባለበት ቢጮህስ? ቢሸትስ? ካህኑ ሰው ልከው ቢጠይቁኝ "ብርዱን ፈርቼ ነው" አልኩ፣ በግንቦት። ሙሉ እንድወጣ ስትለምነኝ እጮህባታለሁ። አንድ ቀን "እኔ ያገባሁት ወንድ ነበር፣ አሁን መጋረጃ ነው የማስታምመው" አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። እውነቷን ነው፣ መጋረጃ ዘግቼ ነበር የምውለው።

ኬሞውን ጨርሼ ሆቴሉ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ለማስገባት በሄድኩበት ሳምንት ካልቪን ደወለ።

"ሚስተር ቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሮዴዮ እንሄዳለን። የእህቴ ልጅ ይጋልባል።"

"ምን ላይ?"

"በሬ ላይ።"

"ሰውዬ፣ እኔ አሞኛል፣ አልችልም" አልኩት።

"ወንበራችንን ጫፍ ላይ ነው የያዝኩት፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ። መቀየሪያህን በቦርሳ ይዘህ ና።"

ጆሮዬን ጭው አደረገው። ማን ነገረህ አልኩት። "ማንም አልነገረኝም። ባለቤቴ ከመሞቷ በፊት አራት ዓመት ከነከረጢቷ ኖራለች። በቀደም ሎቢው ውስጥ ሆድህን በክንድህ ሸፍነህ ስትቆም አየሁህ" አለኝ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው። ቅዳሜ መቀየሪያዬን በቦርሳ ይዤ ሄድኩ።

ሮዴዮ የሚባለው ጨዋታ እንዲህ ነው። ጣሪያ ያለው ትልቅ አዳራሽ ወለሉ አፈር ይፈስበታል። ከብረት በረት ውስጥ በሬ ወይም ያልተገራ ፈረስ ላይ ሰው ይወጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ እንስሳው ሰውየውን ለመጣል ይዘላል። ሰውየው በአንድ እጁ ብቻ ገመድ ይዞ ስምንት ሰከንድ መቆየት አለበት። ሌላኛው እጁ እንስሳውን ከነካ ዋጋ የለውም። ስምንት ሰከንድ! እኛ ቤት አንድ ሰው ጫማውን የሚያወልቀው ከዚያ በላይ ፈጅቶበት ነው። ጋላቢዎቹ ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጸልየው ጀመሩ። አዳራሹ ከላይ እስከ ታች የከብት ፍግ ይሸታል። ከታመምኩ ጀምሮ በሰው መሐል ስለ ሽታዬ ሳልጨነቅ የተቀመጥኩት ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ጋላቢ በሁለት ሰከንድ ውስጥ አየር ላይ ተሽከርክሮ በጀርባው ወደቀ። እኔ ከት ብዬ ሳቅኩ። ልማድ ነው፣ ሰው አንሸራትቶት ሲወድቅ እስቃለሁ። ከሳቅኩ በኋላ ነው የምስቀው እኔ ብቻ መሆኔን ያየሁት። ከፊቴ የተቀመጠች ትልቅ ኮፍያ ያደረገች ሴት ዞር ብላ አየችኝ። ሕዝቡ እያጨበጨበ ነበር። የወደቀው ሰውዬ አቧራውን አራግፎ እጁን አውለበለበና ወጣ።

"ለወደቀ ነው እንዴ የሚያጨበጭቡት?" አልኩት ካልቪንን።

"አብዛኛው ይወድቃል። ለወደቀ ካላጨበጨብክ ቤትህ መቀመጥ ነው" አለኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው መውደቅ ስስቅ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን መውደቅ ከመጋረጃ ኋላ ደብቄ እዚያ ቁጭ ብያለሁ።

የካልቪን የእህት ልጅ ዳሪየስ ይባላል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ለዚህ ጨዋታ ሽማግሌ ነው አሉ። የደረሰው በሬ አመድማ፣ አንገቱ እንደ በርሜል የወፈረ ነው። በሩ ሲከፈት በሬው ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ተጠማዘዘ፣ ዳሪየስ በፊቱ ተደፋ። የበሬው የኋላ እግር ሲያልፍ መቀመጫውን መታው። ደማቅ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሮጠው በሬውን ወደ ራሳቸው ሳቡለት። ዳሪየስ ቀና ሲል ግማሽ ፊቱ ፍግ ነው፣ ጺሙ ሳይቀር። ለመነሳት ሞከረ፣ አቃተው። ከዚያ እጁን ወደ ላይ ከፍ አደረገ።

"ምን ማለቱ ነው?" አልኩ።

"ኑ፣ ተጎድቻለሁ ማለቱ ነው" አለ ካልቪን፣ ቆሞ ነበር።

ሐኪሞቹ ሮጠው መጡና የት ነው አሉት። በዚያ ሁሉ ሺህ ሰው ፊት በጣቱ መቀመጫውን አሳያቸው። አስተዋዋቂውም በድምፅ ማጉያ "ወንድማችን መቀመጫው ላይ ነው የተመታው፣ ጸልዩለት" ብሎ ለአዳራሹ ተናገረ። ሴቶች አሉ፣ ሕፃናት አሉ። ስለ እሱ አፈርኩ። እኔ ብሆን ሞቼ እገኝ ነበር እንጂ ይህን አላደርግም ብዬ አሰብኩ። አስቤ ሳልጨርስ በድን ሆንኩ። ሞቼ ልገኝ የነበረው በዚሁ በራሱ ምክንያት ነው። ሐኪም "የት ነው" ሲለኝ ሆዴን አሳየሁት።

በሬው በሩ ላይ ስለተጋጨ ዳኞቹ ለዳሪየስ ሌላ በሬ ፈቀዱለት። ከፈለገ ይወጣል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ሐኪሞቹ አይተው ስብራት እንደሌለው ካረጋገጡ በኋላ፣ ጭኑ በፋሻ ተጠቅልሎ መጨረሻ ላይ እያነከሰ መጣ። ስድስት ሰከንድ ቆየና ወደቀ። ነጥብ የለም። ካልቪን መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ሲያልቅ ሰላም ልንለው ከበረቱ ኋላ ሄድን። ዳሪየስ ገና ፊቱን አልታጠበም፣ ጆሮው ውስጥ ፍግ አለ። በረዶ መቀመጫው ላይ ይዞ ከአንድ ቀጭን ጋላቢ ጋር ቆሟል፣ በነፃ እጁ እያሳየ ያስረዳዋል። "ሲወጣ ቀጥ ይልልሃል። ሁለት ይዘልና ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ ቀኝ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ወደ ቀኝ አየሁ፣ በዚህ ነው የጣለኝ። እንዳታይ።" ቀጭኑ ሰውዬ ሁለት ጊዜ አስደግሞት ሄደ።

"ጓደኛህ ነው?" አልኩት።

"አይደለም። በነጥብ ይበልጠኛል።"

"ታዲያ እንዴት እንደወደቅክ ለምን ትነግረዋለህ?"

ጥያቄው ያልገባው ይመስል አየኝ። "ያንን በሬ ነገ የሚወጣበት እሱ ነዋ" አለኝ።

ብረቱን ተደግፌ ቆምኩ። እህቴ ፊቴ ላይ መጣችብኝ፣ አረንጓዴ ሽርጧን አድርጋ፣ ሾርባ ይዛ። እኔ ሳልስተጓጎል ሥራ መግባትን፣ ሲያመኝ ጥርሴን መንከስን ጽናት ነው ስል ኖሬያለሁ። ሰው ካላየብኝ ጸናሁ ማለት ነበር ለእኔ። ይህ አነካሽ ሰውዬ ግን ወድቆ፣ መውደቁን አሳይቶ፣ የጎዳውን ቦታ ጠቁሞ፣ እርዳታ ጠርቶ፣ ተመልሶ ወጥቶ እንደገና ወደቀ፣ ከዚያም ፊቱን ሳይታጠብ ለሚቀጥለው ሰው ሊነግር ሄደ። ለባዕድ ሰው። እኔ ለእናቴ ልጅ አልተናገርኩም።

"ካልቪን፣ ዶራቪል አድርሰኝ" አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ጥሩወርቅ መደብሩ ውስጥ ስታየኝ እጇ ላይ ያለውን ጥላ እልል አለች። "ጋሼ! ከቤት ወጣህ!" ከኋላ እቃ ማራገፊያው ጋ ወሰድኳትና የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥን።

"ጥሩዬ፣ የኔ የአንጀት መታጠፍ አልነበረም።"

"ታዲያ ምን ነበር?"

"ካንሰር ነው። እዚህ ጋ።" ጠቆምኩ። ሸሚዜን ገልጬ ከረጢቱን አሳየኋት። ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ እኔ ባዕድ ነኝ ወይ አለች፣ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

"አሁን ደህና ነኝ። የመጣሁት ለአንቺ ነው። ሐኪሙ እህትህም ትመርመር ብሏል፣ በቤተሰብ አለ። ጥሩዬ፣ ደም ታያለሽ?"

በሕይወታችን እንዲህ ተነጋግረን አናውቅም። መሬት መሬቱን አየች። "ከፋሲካ ጀምሮ" አለች ቀስ ብላ። "ኪንታሮት ነው ብዬ።"

"ለምን አልተናገርሽም?" አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

"ለማን? ለአንተ?" አለችኝ።

በነሐሴ ታየች። ካንሰር ነው፣ አንጀቷን አልፎ አጠገቡ ወዳሉት ትንንሽ ዕጢዎች መሄድ ጀምሯል። በቀዶ ጥገና አወጡት፣ ኬሞ ታዘዘላት። ተስፋ አለው ብለዋል፣ የኔን ያህል ቀላል ግን አይደለም። የኔ ከረጢት በዚያው ሰሞን ተነሳልኝ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ሲለኝ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር።

ኬሞዋን ስትጀምር ያደረስኳት እኔ ነኝ። የመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ፣ "ጋሼ፣ እህትህ ትመርመር ብሎ ሐኪሙ የነገረህ መቼ ነው?" አለችኝ።

ማንም አያውቅም ነበር። ሙሉም አታውቅም። "ወደ አንቺ በመጣሁበት ሳምንት" ብላት ያልቅ ነበር፣ አፌም ላይ ደርሶ ነበር።

"በገና ነው" አልኳት።

"የትኛው ገና?"

"ያለፈው። ሰባት ወር ያዝኩት።"

ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘረጋች። "ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ" እያለች አንድ በአንድ አጠፈች፣ ሚያዝያ ላይ ቆመች። "ሚያዝያ ላይ ነው የጀመረኝ" አለች። ስሟ ሲጠራ ሹራቧን አውልቃ እቅፌ ላይ አደረገችና ገባች።

አሁን አምስተኛው ዙር ላይ ናት። በየሁለት ሳምንቱ እኔ አደርሳታለሁ፣ እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ፣ እመልሳታለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሼ ብላ ጠርታኝ አታውቅም፣ ብርሃኑ ነው የምትለኝ። ይቅርታ አልጠየቅኳትም ማለት አይደለም፣ ጠይቄያለሁ። "ልዳንና እናወራለን" አለችኝ።

ደም የሚያይ ሰው ካለ ለሐኪሙ ደም ነው ይበል፣ አስተርጓሚው ማንም ይሁን ማን። ተመርምሮ የተገኘበት ሰው ካለ ደግሞ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ያቁመውና ለእህት ወንድሙ ይደውል።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለጥሩወርቅ መኪና ውስጥ አነበብኩላት። ያኔ የጻፍኩት "ብዙም ሳልቆይ ለእህቴ ነገርኳት" የሚል ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

"ሰባቱ ወር የታለ?" አለች።

"አይ፣ ለአንባቢ ምን ያደርግለታል ብዬ..."

"ቤት ግባና ጻፈው ብርሃኑ" አለችኝ። "እሱ ከሌለ ለማንም እንዳታሳየው።"